«እኔን» በእንግሊዝኛ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡15

ዛሬም አምስት ቃል። ሪሲቭ፣ መቀበል። ኢሹ፣ ከስቶር አውጥቶ መስጠት። ባላንስ፣ ቀሪ፤ ይህንንስ ከስልክ ካርድ አውቀዋለሁ። ዴሜጅድ፣ የተበላሸ። ፔንዲንግ፣ በእንጥልጥል ያለ። ሱብሂ ሰግጄ ቁጭ እንዳልኩ ነው የምጽፈው። ለኢሹ ዘዴ አገኘሁለት፦ ሰው ዕቃ ሲጠይቅሽ «እሺ» ብለሽ ከሰጠሽው ኢሹ ነው። ሪሲቭ ግን ከምንም ጋር አልገጥም አለኝ። በግድ ነው የያዝኩት።

ደብተሬ፣ አትቀየሚኝ። የሒክማ የአምና የሳይንስ ደብተር ነሽ፤ ከፊት የቅጠል ሥዕል አለብሽ፣ እኔ ከኋላ ጀምሬ እጽፍብሻለሁ። የምፈልግሽ ለዚህ ወር ነው። ከዚያ ወይ እዚሁ ከሚሴ ስቶር ኪፐር ነኝ፣ ወይ ተመልሼ አረብ አገር ነኝ። ሦስተኛ መንገድ ቢኖር ላንቺ አልደብቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መ/ቤታችን ለገጠር መንደሮች የቧንቧ ውሃ ያስገባል። እኔ የጽዳትና የሻይ ሠራተኛ ነኝ፣ ዓመት ሆነኝ። ስሜ ዘምዘም፣ ሥራዬ ውሃ ቤት፤ ሰው ሁሉ ይቀልድብኛል። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ጽዳቱን ሌላ ድርጅት ይረከባል፣ የኔ ነገር በዚያው አበቃ። ግን ደግሞ የስቶሩ ኃላፊ ጋሼ ታደሰ ጡረታ ይወጣሉ፣ ቦታቸው ክፍት ነው። ተወዳደሪ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። መደርደሪያውን በየቀኑ ስለምወለውል የቱ ዕቃ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። ስሙን በእንግሊዝኛ ጻፊ ስባል ነው እጄ የሚተሳሰረው። ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የሚመዘገብበት ካርዱም ሪፖርቱም በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናው ጥቅምት 24። ፈታኟ ክሌር የምትባል ከአዲስ አበባ የምትመጣ ፈረንጅ ናት።

አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እንግ. ግን ያኔም ጠላቴ ነበር።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ስቶር ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው። አንድ ጉድ ልንገርሽ።

ትናንት ከአሱር በኋላ ልጄ ሒክማ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። የሰውነት ክፍሎች በእንግ.። ኖዝ፣ ኒ፣ ኤልቦ። ኤልቦ ስትል ጆሮዬ ቆመ። ኤልቦማ የኔ ነው፣ ስቶር ውስጥ ሦስት ሳጥን ሙሉ አለኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ክርን እኮ ነው ብላ የራሷን አጠፍ አድርጋ አሳየችኝ። ወላሂ ያ የቧንቧ ማጠፊያ ብረት ልክ እንደዚያ ነው የሚታጠፈው። ዓመት ሙሉ ክርን ስወለውል ኖሬ አላወቅሁም።

ሞቅ አለኝና ሌሎቹንም ጠየቅኋት። ዩኒየን፣ ሶኬት፣ ኒፕል። ኒፕልን አታውቀውም። ከስልኬ መዝገበ ቃላት ላይ ፈለገች። አነበበች። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሳቅ ጀመረች፣ አላቆም አለች። ነጥቄ አየሁት። አስተግፊሩላህ። የጡት ጫፍ። ሁለት ቧንቧ የምታገናኘዋን ትንሽ ብረት ነው እንግዲህ እንዲህ ብለው የሰየሟት። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት፣ ጋሼ ታደሰ ኒፕሉን የት ላድርገው፣ እያልኩ ስጮህ ከርሜአለሁ።

ሒክማ ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ዘምዘም፣ ሌላ ቃል ካለሽ ነገም አምጪ አለችኝ። ዘምዘም ነው የምትለኝ። እማ የምትላት እናቴን ነው። ገና በዳዴ ስትሄድ ጥያት ሄድኩ፣ ስመለስ ሰባት ዓመት ሆኗት አገኘኋት። አባቷ ሌላ ትዳር ይዞ ርቋል። ታዲያ ማንን እማ ትበል። አልቀየማትም። ግን ያማል፣ ላንቺ አልዋሽም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

ቃል፦ ሾርቴጅ፣ ጉድለት። ሪተርን፣ መመለስ። ሪፕሌስ፣ መተካት።

እነዚህን ሳጠና ሆዴ ባባ። ሪተርን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሪፕሌስ ያደረገችኝ ደግሞ እናቴ።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ውሃ ይዛ ስትገባ የበሩ ደፍ አደናቀፋት። ሒክማ «እኔን» ብላ ከተቀመጠችበት ብድግ። ክንዷን ያዘቻት፣ ጎንበስ ብላ እግሯን አየችላት። ትንሽ ቆይቶ እኔ መጥረጊያ ላነሳ ጎንበስ ስል የመስኮቱ መዝጊያ ጭንቅላቴን መታኝ። ጓ አለ። ሒክማ አየችኝ። ከዚያ እርሳሷን መቅረጽ ቀጠለች። ምንም አላለችም።

«እኔን» እኮ ትንፋሽ ነው። አስበሽ አትይውም። ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ይባላል፤ ከባጃጅ ሲወርድ ለተደናቀፈ መንገደኛ እንኳ። ባንተ የደረሰው በኔ ይሁን ነው ነገሩ። ልጄ ተናዳብኝ አይደለም ዝም ያለችኝ። አልመጣላትም። ብትናደድብኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ አይታለች። ሒክማ ስትወጣ ጠብቃ፣ ኢንታላ ኮ አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ልጅ እንደ ዶሮ ጥሬ በትነሽላት አትጠሪያትም፣ ተቀመጪ፣ ስትፈልግ ትመጣለች። እናቴ ኦሮምኛ ስትቀላቅል ልቧ ራርቷል ማለት ነው። ስትቆጣ አማርኛዋ ንጹሕ ነው።

ጥቅምት 9፣ እሁድ፣ ከሰዓት

እናቴ ሰንበቴ ገበያ ውላ መጣች፤ ቅመም ትሸጣለች። ደላላው ሰዒድ እዚያ አግኝቷታል። ፓስፖርቴ እሱ ጋ ነው። ቪዛው ደርሷል፣ እስከ ጥቅምት 26 ቁርጧን ትንገረኝ፣ አለዚያ ለሌላ ሴት እሰጠዋለሁ ብሏል። አሠሪዎቹ ደጎች ናቸው ብሏል። የፊተኞቹንም እንዲሁ ብሎኝ ነበር።

እናቴ ይህን ስትነግረኝ ሒክማ በር ላይ ገመድ ትዘላለች። ጮክ ብላ ነበር የምትቆጥረው። መዝለሏን አላቆመችም። መቁጠሯን ግን አቆመች።

ደብተሬ፣ ቃሉ ፔንዲንግ ነው። እኔም እሷም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ 8፡00 ሰዓት

ጋሼ ታደሰ ያስጠኑኛል። ጾም ስለሆነባቸው ምሳ የለም፣ የምሳ ሰዓታቸውን ለኔ ሰጡኝ። እንግ. የት ተማሩ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከካርቶን ላይ አሉኝ። የምራቸውን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ስቶር ውስጥ ካርቶን ሲያነቡ ኖረዋል። መጀመሪያ የያዙት ቃል ፍራጃይል ነው፣ ተሰባሪ፣ በጥንቃቄ ያዝ። አንዴ የመስታወት ሳጥን ገልብጠው አስቀምጠው ሙሉው ነኮተ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልረሱትም። ያልተሳሳትሽበትን ቃል አትይዢውም አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ ድፍረት አገኘሁ። ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ፣ ጋሼ፣ የኒፕልን ትርጉም ያውቁ ነበር አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም። ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ ዕቃውን ማን ያቀብለኝ ነበር አሉ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው ለልምምድ ዕቃ ጠያቂ ቧንቧ ሠራተኛ ሆኑ። ፎር ኤልቦ፣ ቱ ዩኒየን፣ ፕሊስ። እሺ ብዬ ኢሹ አደረግሁ። ካርዱን ሞላሁ፣ ባላንሱን አወጣሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ በአንድ አዩልኝ። ስህተት የለበትም። ይህን ቁልፍ ላንቺ ባስረክብ ቅር አይለኝም አሉ፣ ቁልፉን እያገላበጡ። ሰው እንዲህ ካለኝ ስንት ዘመኔ።

ቢሮው ባዶ ቢሆን ኖሮ አለቅስ ነበር። ሻይ ላፍላ ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፣ 11፡00 ሰዓት

ወይኔ ዘምዘም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ክሌር ሳትጠበቅ መጣች። ከፈተናው በፊት ሥራውን ልይ ብላ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ወዳለ መንደር ወጣች። ኦሮምኛ የሚያስተረጉም ስለጠፋ እኔን ጫኑኝ። እኔ ወደ አማርኛ፣ የመ/ቤታችን ኢንጂነር ወደ እንግ.። መጀመሪያ ደህና ነበር። ሴቶቹ አካም ጅርታ ብለው ሲከቧት እኔ ቶሎ ብዬ ሃው አር ዩ ነው የሚሉሽ አልኳት፣ በቀጥታ፣ ያለ ኢንጂነሩ። ፈገግ አለችልኝ። ልቤ አበጠ።

ቦኖው ጋ ስንደርስ የተቆፈረ ቦይ አለ። ክሌር ልትሻገር ስትል እግሯ ከዳት፣ በጉልበቷ ወደቀች። አፌ ቀደመኝ። እኔን ልል ነው፤ ፈረንጅ ናት፣ በእንግሊዝኛ ልበላት፤ እኔ ማለት ሚ ነው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እሷ መሬት ሳትደርስ ነው። «ሚ! ሚ!» ብዬ ጮህኩ፣ ደረቴን ይዤ።

ክሌር ከወደቀችበት ቀና ብላ አየችኝ። ዩ? አለች። አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። ኖ፣ ሚ፣ አልኩ እኔ። ሹፌሩ ኑሩ ሳቁ አመለጠው። ኢንጂነሩም ፊቱን አዞረ። የመንደሩ ሴቶች ግን በኦሮምኛቸው እኔን፣ እኔን እያሉ ትቢያዋን ያራግፉላት ነበር። እኔም በራሴ ቋንቋ ብዬው ቢሆን ኖሮ እንደነሱ በሆንኩ።

መኪና ውስጥ ኑሩ፣ ሰው ወድቆ አንቺ እኔን አንሱኝ ትያለሽ ብሎ ቀለደ። እስከ ከሚሴ ድረስ አንገቴን አላቀናሁም። ፈታኟ የምታውቀኝ እንግዲህ በዚህ ነው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ቃል አላጠናሁም። ለሰዒድ ልደውል ስልኩን ሁለቴ አንስቼ አስቀመጥኩት።

ሒክማ የት/ቤት ልብሷን ለብሳ መጣች። የዛሬ ቃል የታለ አለች። የለም አልኳት። ለምን። ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፣ አልሳቀችም። የእርሳሷን ጫፍ እየነከሰች አሰበች። ታዲያ እኔን በእንግሊዝኛ ምንድን ነው አለችኝ።

አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ ከአሱር በኋላ

ሒክማ ከት/ቤት እየሮጠች ገባች። መምህሯን ጠይቃ ነው። ሶሪ በይ አሏት። ይህን እየነገረችኝ መሃል ላይ ራሷ ተከራከረች። ሶሪማ ይቅርታ ነው። ፈረንጇን ገፍትረሻታል? አልገፈተርኳትም። ታዲያ ምን በድለሻት ነው ሶሪ የምትያት። ስለዚህ ቃሉ እነሱ ጋ የለም ብላ ፈረደች። ሾርቴጅ ነው።

ሾርቴጅን ከኔ ነው የለቀመችው። ደስታዬን ምን ልበልሽ።

ከዚያ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ዘምዘም፣ አረብ አገር እኔን ይላሉ አለችኝ። ሰላምቲክ ይላሉ አልኳት። ላንቺ ማን ይልሽ ነበር። ማንም። እውነቴን ነው። አንዴ የፈላ ዘይት ፈንጥቆ ክንዴን ሲያቃጥለኝ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን፣ ለራሴ ነው እኔን ያልኩት። እጅጌዬን ሰብስቤ ጠባሳውን አሳየኋት። ለማንም አሳይቼ አላውቅም። በጣቷ ነካችው፣ ቀስ ብላ፣ ዙሪያውን።

ኤልቦሽ ላይ ነው አለችኝ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

ቤታችን ስቶር ሆነ። ሒክማ ደብተር ቆራርጣ ለእናቴ የቅመም ጆንያዎች ካርድ ሠራች። በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁሉም ባላንስ አላቸው። እናቴ ለወጥ ጨው ስትዘግን ቁሚ ተባለች፣ ፈርሚ። እናቴ መፈረም አትችልም። በአውራ ጣቷ በርበሬ ነክታ አተመችላት። በገዛ ሶጊዳዬ እያለች አጉረመረመች፤ በገዛ ጨዬ ማለቷ ነው። ግን ሁለተኛ ጊዜ ጨው ስትፈልግ ራሷ መጥታ ጣቷን ዘረጋች።

ሒክማ ጠያቂ፣ እኔ ስቶር ኪፐር። ስሳሳት ምላሷን ጠቅ ታደርጋለች፣ ልክ እንደ እናቴ። በመጨረሻ፣ ካለፍሽ አትሄጂም አይደል አለችኝ፣ ካርድ እየደረደረች፣ ሳታየኝ። ካለፍኩ አልሄድም አልኳት። ካላለፍኩስ ብላ አልጠየቀችኝም። መጠየቅ የነበረበት ግን እሱ ነው።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ፣ 9፡00 ሰዓት

አለቀ።

ተወዳዳሪ ሦስት ነን። ሁለቱ ዲፕሎማ አላቸው፣ አንደኛው እንግሊዝኛን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። የጽሑፉ ፈተና ደህና ነበር። ካርድ መሙላት፣ ቃል ማዛመድ። ኒፕልም መጥቷል፤ ፊቴን ሳላዞር ሠራሁት።

ቀጥሎ ቃለ መጠይቅ። ክሌርና ኢንጂነሩ ተቀምጠዋል። የተበላሸ ዕቃ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ አለችኝ። አይ ሪሲቭ። አይ ቼክ። ዴሜጅድ፣ አይ ራይት ዴሜጅድ። አይ ሪተርን። ሰዋስው የለውም፣ ሥራው ግን ሁሉም አለበት።

ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። ያን ቀን ስወድቅ ሚ ያልሽው ምን ለማለት ነበር አለችኝ፣ እንዲገባኝ ቀስ ብላ። ደሜ ሁሉ ፊቴ ላይ ወጣ። ኢንጂነሩ ሊያስረዳልኝ አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው። ራሷ ትንገረኝ አለችው።

ያለኝ የስቶር ቃል ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ባዶ ካርድ ሳብኩ። ጉልበቷን አመለከትኩ፣ ፕላስተሩ አሁንም አለ። ዩር ፔይን አልኳት፤ ፔይንን ከመድኃኒት ካርቶን ነው የማውቃት። ፍሮም ዩ፣ ኢሹ፣ ብዬ ጻፍኩ። ደረቴን ነካሁ። ሚ፣ ሪሲቭ። ይህንንም ጻፍኩ። ከዚያ የመጨረሻው ሳጥን ውስጥ፦ ዩ፣ ባላንስ፣ ዜሮ።

ክሌር ካርዱን ትክ ብላ አየችው። ዓይኗ ውሃ ያዘ፣ ወይም እኔ መሰለኝ። ከቦርሳዋ ጥጓ የተበላ ትንሽ ደብተር አወጣች። ቃል የሞላባት ናት፣ ልክ እንዳንቺ። እንግሊዝኛ የእናቷ ቋንቋ አይደለም አለችኝ፤ እሷም ሥራ ላይ ነው የለመደችው፣ በኔ ዕድሜ፣ እየተሳቀባት። ቃሉን በአማርኛ በይልኝ አለች። እ፣ ኔ፣ ን። ሦስቴ አስደገመችኝ። ጻፈችው።

ውጤት ሐሙስ ነው። አልፋለሁ ብዬ ራሴን አልሸነግልም። ግን ሪሲቭ ዛሬ ገባኝ። ከእንግዲህ አይጠፋብኝም።

ለሒክማ ሁሉንም ነገርኳት። ባላንስ ዜሮ ያልኩትን ሁለቴ አስደገመችኝ። ቀጥሎ ውሃ ልትጠጣ ወጣች።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

ለሰዒድ ቁርጤን የምነግርበት ቀን። ውጤቱ ነገ፣ ቁርጡ ዛሬ። ሌሊቱን ሳሰላ ነው ያደርኩት፣ ሲነጋ ግን ሰዒድን እሺ ልለው ነበር። ይህንንም ላንቺ አልዋሽም።

አረብ አገር ከመሄዴ በፊት ለሒክማ የቦርሳ መስቀያ ልምታላት ብዬ ምስማርና መዶሻ አነሳሁ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። መዶሻው አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። አምላኬ፣ ዓይኔ ጨለመ።

ከጓሮ «ሚ!» የሚል ሰማሁ።

በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ እየሮጠች መጣች። ምን እንዳለች እኔን ስታየኝ ነው የገባት፤ መሃል ላይ ቆመች፣ አፏን ያዘች። ቀልድ አልነበረም። አስባ አላለችውም። ከዚያ መጥታ ጣቴን በሁለት እጇ ያዘችው፣ እፍ እፍ አለችበት። አሁንስ ባላንስ ስንት ነው አለችኝ።

ዜሮ አልኳት። ዋሽቻለሁ፤ አሁንም እየጠዘጠዘኝ ነው የምጽፈው።

ሒክማ ት/ቤት ሄደች። ለሰዒድ ደወልኩ። አልሄድም፣ ፓስፖርቴን መልስልኝ አልኩት። ሥራ አገኘሽ እንዴ አለኝ። ገና ነው፣ ነገ ነው የሚታወቀው። ባታልፊስ። ባላልፍም አልሄድም። ከሚሴ ምን አለሽና ነው ብሎ ተቆጣ፣ ትጸጸቻለሽ አለ። ስልኩን ዘጋሁበት። እናቴ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ኖራለች። ካልሆነ ሰንበቴ እየወጣን ቅመሙን አብረን እንሸጣለን አለችኝ። ቅመም በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ደግሞ ታጠኛለሽ ብላ ሳቀችብኝ።

ፈርቻለሁ። ግን ሆዴ ቀሎኛል።

የዛሬ ቃል አንድ ብቻ ነው። እንደ ወጉ ልመዝግበው።

ሚ፦ እኔን። ብዛት፣ አንድ። ሁኔታ፣ ፍራጃይል። ያስረከበች፣ ሒክማ። ሪሲቭድ ባይ፣

እናቷ።